የጋሽ ሃሪ የባሕር ዳር ቤት

እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሲዋርድ ሰፈር ባለው የቅመም ሱቄ የቅርንፉድ ጆንያ በከፈትኩ ቁጥር ጋሽ ሃሪ ትዝ ይለኛል። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ እዚሁ አጠገብ ኮሎምቢያ ሃይትስ በምትባል ከተማ ስንኖር፣ ከአባቴ ጋር ፋብሪካ የሚሠራ የኢንዶኔዥያ ሰው ነበር። ጋሼ በይው ስለተባልኩ ለእኔ ጋሽ ሃሪ ነው።

አንድ እሑድ ቤታችን መጥቶ ፎቶ ዘረጋ። በጀልባ ሁለት ቀን የምታስኬድ ደሴት ላይ ከእናቱ የወረሰው ቤት፣ ጓሮው ቅርንፉድ፣ ፊት ለፊቱ ባሕር። መብራት ግን የለም። "ሊገባ ነው" አለ። ሊገባ ነው መባል የጀመረው እሱ ሳይወለድ ነው።

አባቴ ለታክሲ መግዣ ያጠራቀመውን ሰጥቶ ቤቱን ሊገዛው ቆርጧል። "ጡረታ ስወጣ ዓሣዬን እየበላሁ እተኛለሁ!"

እማዬ እንግሊዝኛ ስለማትችል አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። "እስቲ ጠይቂልኝ፣ እዚያ እድር አላቸው?" አለችኝ።

እድርን በእንግሊዝኛ ስላላወቅኩት፣ "ሰው ሲሞት ማን ይመጣል?" አልኩት።

"መንደሩ በሙሉ" አለ ጋሽ ሃሪ ደረቱን ነፍቶ። "መቃብር ይቆፍራሉ፤ ምግብ ያመጣሉ።"

እማዬ ፎቶውን አንስታ አየችው። "ታዲያ እሱን እዚህ ማን ሊቀብረው ነው የሚሸጠው?"

ተረጎምኩለት። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ሰብስቦ፣ ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። አባቴ እማዬን "ገበያዬን አበላሸሽብኝ!" ብሎ ሳምንት አኮረፈ፤ ከዚያ ታክሲውን ገዛ።

ጋሽ ሃሪ አሁን አርጅቷል። ቤቱን አልሸጠም፤ ወደዚያም አልተመለሰም። ቅርንፉድ የሚገዛው ከእኔ ነው፤ ባሸተተ ቁጥር "የእኛ ይሻላል" ይለኛል።