«ይቅርብን» ያልኩበት የአውሮፓ ስብሰባ

ሮም ውስጥ፣ ከባሕር ወለል የወጣ ጭቃ በሚያጠና ላቦራቶሪ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬን ለአገሬ ሰው ስናገር የሚቀድመው ሳቅ ነው። እናቴ እንኳ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ኮረሪማ ስትገዛ ጓደኞቿን ካገኘች «ልጄ ሳይንቲስት ናት» ትልና፣ የምን ሳይንቲስት ሲሏት ወሬ ትቀይራለች። አልፈርድባትም። የሰው ቤት እየጠረገች ያስተማረቻት ልጅ መጨረሻዋ ጭቃ ሆነ ብሎ መናገር ይከብዳል።

ጭቃው ግን ተራ ጭቃ አይደለም። ከመርከብ ላይ ረጅም ቱቦ ወደ ባሕሩ ወለል ይወርድና ሲወጣ የብዙ ሺህ ዓመት ደለል ተደራርቦ በውስጡ ይገኛል። ዝናብ የጠፋበት ዘመን፣ እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ዘመን ሁሉ ከዚያ ይነበባል። ቱቦዎቹ እንደ ሥጋ ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ አለባቸው፤ ጭቃው ከደረቀ አበቃለት።

የእኛን ቱቦዎች የሰበሰቡት አለቃዬ፣ ሽማግሌው ፕሮፌሰር ናቸው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ መርከብ ላይ ሲንገላቱ ኖረው፣ ሚስት አላገቡም፣ ልጅ አልወለዱም፤ ያላቸው ያ ጭቃ ነው። ማቀዝቀዣ ክፍላችን ግን አርጅቶ ነበር። በበጋ የሮም ሰው ሁሉ ወደ ኦስቲያ ባሕር ዳርቻ ሲሸሽ፣ እኔና እሳቸው ሞተሩ ዛሬ ቀጥ ይላል ነገ እያልን ተራ ገብተን እንጠብቅ ነበር። እሳቸው ተራቸው ባልሆነ ቀንም ይመጡና በሩን በመዳፋቸው ይነኩታል።

በዚህ መሃል የአውሮፓ አገሮች አንድ ሐሳብ አመጡ። እያንዳንዱ አገር የራሱን ደካማ ማቀዝቀዣ ከሚያስታምም፣ ሁሉም አዋጥተው ለሜዲትራኒያን አንድ ትልቅ የጋራ ማከማቻ ይሥሩ፤ የየትኛውም አገር ተመራማሪ እየመጣ ይጠቀምበት። ማከማቻውን የሚያስተናግደው አገር የራሱ ጭቃ እዚያው እቤቱ ይቀርለታል፤ የሌላው ሁሉ ተጭኖ ወደዚያ ይሄዳል። ሮም ከታጩት ከተሞች አንዷ ነበረች፤ ስብሰባውም የተጠራው እዚሁ ነበር። ፕሮፌሰር ቀዶ ጥገና አድርገው ተኝተው ስለነበር በእግራቸው እኔን ተኩኝ።

«ይጠይቁሻል፤ እንፈልጋለን በይ። ሌላ ምንም አይጠበቅብሽም» አሉኝ።

ሰብሳቢው ከሰሜን የመጡ ሸበቶ ሰው ነበሩ። የዚያ አገር ሰው ደረቅ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ እኚህ ግን በር ድረስ መጥተው ተቀበሉኝ፤ የፕሮፌሰርን ጤንነት አንድ ባንድ ጠየቁኝ፤ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። ለዚያ ቀን አጥንቼ የመጣሁት ልበ ሙሉነት ሁሉ እዚያ ወንበር ላይ ጥሎኝ ሄደ። ትልቅ ሰው ተነስቶልኝ፣ እኔ ቁጭ ብዬ! የእናቴ ልጅ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

ተራዬ ደረሰ። ሰብሳቢው «ሮም ብትሆን ደስ ይለናል» አሉ፤ «ግን ፕሮፌሰሩ ታመዋል፣ እናንተም ሥራ በዝቶባችኋል። ይህን ሸክም መውሰድ ትፈልጋላችሁ?»

«ኧረ እኛን ተዉን» አልኳቸው በጣሊያንኛ፤ «ይቅርብን። ለሌሎቹ ይሁን።»

እዚህ ላይ ለአማርኛ አንባቢ ብዙ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም። ባደግኩበት ቤት ምግብ ሲቀርብ፣ አንጀት በረሃብ እየጮኸም ቢሆን «አሁን በልቼ መጣሁ» ይባላል። ጋባዧ «በሞቴ» ትላለች። «ጠግቤአለሁ» ይባላል። «አፈር ስሆን» ስትል ነው እጅ የሚታጠበው። ገና እንደጠየቁት እሺ የሚል ልጅ ስድ ነው፤ ይህን እናቴ ጭኔን እየቆነጠጠች አስተምራኛለች። እኔም «ይቅርብን» ብዬ አንገቴን ደፋ አደረግኩና ሁለተኛውን ጥያቄ መጠበቅ ጀመርኩ። መልሴ ተዘጋጅቶ ምላሴ ላይ ነበር።

ሰብሳቢው ከልባቸው አዘኑ። «በግልጽ ስለነገሩን እናመሰግናለን» አሉና ወደ ግሪኩ ተወካይ ዞሩ። ግሪኩ ጥያቄው እንኳ ሳያልቅ «እንፈልጋለን» አለ። ድምፅ ተሰጠ፤ ተጨበጨበ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ፤ ምን እንደማደርግ ስላላወቅኩ።

በቡና ዕረፍት ሰብሳቢውን ተከትዬ «ይቅርታ፣ እኛ እኮ እንፈልጋለን» አልኳቸው። ግራ ገብቷቸው አዩኝ። ድምፅ የተሰጠበት ነገር እንደማይመለስ ቀስ ብለው ነገሩኝና፣ «ደግሞ ለሌሎች መልቀቅዎ ሁላችንንም ነክቶናል» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እቤት ስገባ እናቴ በር ላይ ነበረች።

«አሎራ፣ እንዴት ሆነ፣ ሰጧችሁ?»

«ጠይቀውን ነበር። ይቅርብን አልኩ።»

«እሱማ ደንብ ነው። ሲደግሙሽስ ምን አልሽ?»

«አልደገሙም፣ እማ።»

መጀመሪያ ሰዎቹን ረገመቻቸው። ምን ዓይነት ሰው ነው አንድ ጊዜ ጠይቆ የሚተው፣ ማን አሳደጋቸው፣ ብላ ብላ ሲወጣላት ሶፋው ላይ ቁጭ አለች። «እኔም ሲኞራዋ ቤት ለሥራ ስገባ የመጀመሪያውን ክረምት በረሃብ ልሞት ነበር» አለች። «ትበያለሽ ትለኛለች፣ ኖ ግራትሲዬ እላለሁ፣ ሳህኑን ታነሳዋለች። ኋላ ለምጄ እምቢታውን ስተው ላንቺ መንገር ረሳሁ።» ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። እኔ ባጠፋሁት እሷ ስታፍር ማየት ከስብሰባው የባሰ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ፕሮፌሰር ቤት ሄድኩ። አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው፣ ጸጉራቸውን አበጥረው ይጠብቁኛል። ምንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው፤ የእኛን አገር ደንብ፣ የእናቴን ቁንጥጫ፣ ሁለተኛውን ጥያቄ ስጠብቅ መቅረቴን ሁሉ። ፊቴ እንደ እሳት ይነዳል። እሳቸው በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ።

በኋላ «አስበሽበት ነው» አሉኝ።

«አላሰብኩም፣ ፕሮፌሰር። ከአፌ አመለጠኝ።»

«አይ። አንቺ ሳታስቢ የምትናገሪ ሰው አይደለሽም።» ቀስ እያሉ ምክንያቱን ራሳቸው ይሠሩልኝ ጀመር። የግሪኩ ማከማቻ ወደብ ዳር ነው የሚሆነው፤ መርከቡ ደጁ ድረስ ይጠጋል። የእኛ ሕንፃ አርጅቷል። «እኔን ፍቅር አሳውሮኛል። አንቺ ለሳይንሱ የሚበጀውን አየሽ። እውነቱን ለሽማግሌው ላለመንገር ነው ይህን ሁሉ ተረት የፈጠርሽው።»

ማልኩላቸው። «ቫ ቤኔ፣ ቫ ቤኔ፤ እሺ ይሁን» እያሉ እጄን አሻሹት። እኔ እኮ እሳቸውን አውቃቸዋለሁ፤ የሠሩት ሁሉ በአንዲት ሴት ይሉኝታ ከቤታቸው ወጣ ብሎ መቀበል አቅቷቸው ነበር። የሚረባ ምክንያት ያስፈልጋቸው ነበር፤ ፈልገው አገኙት።

ቱቦዎቹን ወደ ግሪክ የሚወስደው መኪና የመጣ ዕለት በከዘራ ተደግፈው ላቦራቶሪ መጡ። ቱቦዎቹ አንድ በአንድ ሲጫኑ አጠገቤ ቆመው እያንዳንዱን ከየትኛው ባሕር እንዳወጡት ይነግሩኛል። ሲያልቅ የላቦራቶሪውን ሰው ሁሉ ሰበሰቡ።

«ይህን የወሰነችው እሷ ናት» አሉ እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው። «እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ባልነበረኝ ድፍረት።»

«እንዲህ አይበሉ» አልኩ። «ተሳስቼ ነው። ለሁላችሁም ነው የምናገረው፣ ማከማቻው እዚህ እንዲሆን እፈልግ ነበር፤ ስህተት ነው የሠራሁት።»

ሁሉም ፈገግ አሉ። ቱቦዎቹን የምትቆርጠው ባልደረባችን «አቤት ትሕትና» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ።

ፕሮፌሰር ሁለት እጄን ያዙኝ። ከኋላቸው ሾፌሩ የመኪናውን በር እየዘጋ ነው። «ምስጋናዬን ተቀበይኝ» አሉኝ። አይሆንም አልኩ። «ስለ እኔ ብለሽ» አሉ። ራሴን ነቀነቅኩ። «እባክሽ» አሉኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«እሺ» አልኩ፣ «አመሰግናለሁ።» ተጨበጨበልኝ።