በደጃፉ ያልተቀመሰው ዳቦ

ጋሽ ደጀኔ ስለ በር የማያውቁት ነገር ያለ አይመስላቸውም ነበር። ዙሪክ ውስጥ ኦርሊኮን ሰፈር አጠገብ ባለ የትራም ጋራዥ ሃያ ስድስት ዓመት የትራም በር ሲጠግኑ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። በሩ ሲከፈት የሚያሰማውን ድምፅ ብቻ ሰምተው የቱ ጋ እንደታመመ ይናገራሉ። የዙሪክ ሐበሻ የሚያውቃቸው ግን በሌላ በር ነው፤ ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ ሆነው በሚቆሙበት ደጅ። አሥራ አንድ ጊዜ ቆመዋል። አሥሩ ትዳር እስከ ዛሬ እንደጸና ነው።

ጭንቀታቸው አሥራ አንደኛው ነው። ነገሩ የሆነው እዚያው ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን ሰፈር ነበር። የልጅቷ እናት ደግ ሴት ስለነበሩ፣ ሽማግሌዎቹ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ትኩስ ሳምቡሳ አቀረቡ። ወጉ ግልጽ ነው፤ ሽማግሌ የመጣበትን ተናግሮ መልስ ሳያገኝ እህል አይቀምስም። ጋሽ ደጀኔ ግን ከሥራ በቀጥታ ነበር የመጡት፤ ርቧቸዋል። አንዲት ሳምቡሳ አነሱ። ትዳሩ በስምንተኛው ወር ፈረሰ። ባልና ሚስቱ የተጣሉት በሌላ ነገር መሆኑን የማያውቅ የለም። ለእሳቸው ግን ያቺ ሳምቡሳ እስከ ዛሬ ከጉሮሯቸው አልወረደችም።

ስለዚህ የሟች ጓደኛቸው የጴጥሮስ ልጅ ቢኒያም ከጄኔቭ ደውሎ ሽማግሌ እንዲሆኑት ሲለምናቸው፣ አፎልተርን ባለው ቤታቸው ከወንበራቸው ተነሡ፣ ተቀመጡ፣ እንደገና ተነሡ። ሊያገባት ያሰባት ኦርላ ጄኔቭ የምታስተምር አየርላንዳዊት ናት። አባቷ ብሬንዳን በአገራቸው ከባሕሩ አፋፍ የቆመውን የጎሳቸውን ጥንታዊ ግንብ ይጠብቃሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜም ለጎብኚ ይከፍታሉ።

«ሰዎቹ ወጋችንን ያውቁታል?»

«አያውቁትም፣ ጋሼ። ግን አባዬ ቢኖር ሽማግሌ ሳይልክ ይድረኝ ነበር?»

ጋሽ ደጀኔ የባቡሩን ሰዓት ጠየቁት።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ጄኔቭ በባቡር ሄዱ። ባቡሩ ከዋሻው ወጥቶ ሐይቁ ድንገት ከታች ሲዘረጋ፣ ሰማይ መሬት ላይ የተነጠፈ ይመስል ነበርና ተሳፋሪው ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። እሳቸው የሚያዩት የገዛ እጃቸውን ነበር፤ ሳምቡሳዋን ያነሣውን እጅ።

ጄኔቭ ላይ ሁለተኛው ሽማግሌ ጋሽ ወልደሥላሴ ተቀበሏቸው። በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ዕድሜያቸውን ስለጨረሱ እንግሊዝኛው ለእሳቸው ውሃ ነው።

«እዚያ ስንደርስ እህል የሚባል ነገር እንዳትነካ፣ ወልዴ።»

«ሳምቡሳ የበላኸው አንተ፣ ጦም የማድረው እኔ!»

ከቢኒያምና ከኦርላ ጋር ወደ አየርላንድ በረው፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በካፊያ ከግንቡ ደረሱ። ግንቡ ጥቁርና እርጥብ ነው፤ ከድንጋዮቹ መካከል ሣር በቅሏል፤ ከሥሩ ባሕሩ ይጮኻል። ቢኒያምና ኦርላ መኪናው ውስጥ ቀሩ፤ ልጁ ሽማግሌ ባለበት አይቆምምና። ለአባቷ የተነገራቸውም «ሁለት አጎቶቹ ግንቡን ሊያዩ ይመጣሉ» ተብሎ ብቻ ነበር።

ብሬንዳን በጨርቅ የተሸፈነ መሶበ ወርቅ የምታክል ቅርጫት ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። እንደ ማንኛውም ጎብኚ ሰላም አሏቸውና የግንቡን ታሪክ ጀመሩ፤ ጋሽ ወልደሥላሴ ተረጎሙ።

«ከአራት መቶ ዓመት በፊት አንድ እንግዳ እዚህ ቆመ። ዳቦ ቢሰጡት ሳይቀምስ ከደጃፉ ጥሎት ገባ። ለካ ከካባው ሥር ጎራዴ ነበረው። የቤቱን ሴት ልጅ በመርከብ ወስዷት ሄደ፤ አልተመለሰችም። ከዚያ ወዲህ ይህን ዳቦ ያልቀመሰ ከዚህ ደጃፍ አያልፍም።»

ጨርቁን ገለጡ። ዳቦው ትኩስ ነበር።

ብሬንዳን ቁራሽ ቆርሰው ለጋሽ ደጀኔ ዘረጉላቸው። ቢቀምሱ የገዛ ወጋቸው ይፈርሳል፣ የቢኒያም ትዳር እንደ ሽዋመንዲንገኑ ይሆናል። ባይቀምሱ ያ ባለጎራዴ እሳቸው ናቸው። ደግሞም እውነት ነው፤ የመጡት ልጅ ሊወስዱ ነው።

ቁራሹን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ከኪሳቸው ንጹሕ መሐረብ አውጥተው ጠቀለሉት።

«ወልዴ፣ እንዲህ በልልኝ። እኛም ልጅዎን ልንወስድ ነው የመጣነው፤ ለልጃችን ለቢኒያም። ጎራዴ ግን የለንም፤ የመጣንበትን እዚሁ ደጅ ላይ እንናገራለን። ዳቦዎን ተቀብያለሁ። በአገራችን ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ እህል ስለማይቀምስ፣ የምበላው መልስዎን ስሰማ ነው።»

«ልንወስድ ልበል? እንዲህ ፊት ለፊት?»

«እንዲሁ በል።»

ብሬንዳን ሰሙ። ዝናቡ ቅንድባቸው ላይ ተንጠባጠበ። ቅርጫቱን መልሰው ሸፈኑና አንድ ነገር ብቻ ተናግረው ወደ ውስጥ ገቡ።

«ነገ ጠዋት ተመለሱ፣ ነው የሚሉት» አሉ ጋሽ ወልደሥላሴ።

ትልቁ በር ተዘጋ። ጋሽ ደጀኔ ጆሯቸውን ጣሉ። ሃያ ስድስት ዓመት በር ያዳመጠው ጆሮ፣ ይኸኛው በር ይቆጣ አይቆጣ ሊነግራቸው አልቻለም።

መኪናው ውስጥ ኦርላን ጠየቋት፤ «አባትሽ ሲናደዱ እንዴት ናቸው?»

«ዝም ይላል» አለች፤ ቢኒያም ተረጎመላት።

«ሲደሰቱስ?»

«ያኔም ዝም ይላል።»

«አይዞህ ደጀኔ፣ በእኛስ አገር በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት አለ?» አሉ ጋሽ ወልደሥላሴ። ማታ እንግዳ ማረፊያው ውስጥ እሳቸው «ይህ የእነሱ ቤት እህል አይደለም» ብለው ሾርባቸውን ሲመገቡ፣ ጋሽ ደጀኔ ውሃ ብቻ ጠጡ።

ጠዋት ብሬንዳን ባዶ እጃቸውን ደጃፉ ላይ ይጠብቁ ነበር።

«ዳቦው የታለ?»

ጋሽ ደጀኔ መሐረቡን ፈቱ። ብሬንዳን ቁራሹን በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉት፤ እንደ እንጨት ጮኸ።

«ከትናንት ጀምሮ ሌላም አልበሉም?»

«አልበላሁም።»

ብሬንዳን ወደ ባሕሩ ዞሩ።

«ያ ባለጎራዴ እንግዳ ጥሎት ነበር የገባው» አሉ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ኦርላስ ትመለሳለች?»

«በየዓመቱ። ቢረሱ እንኳ እኔ ራሴ ይዣቸው እመጣለሁ።»

ብሬንዳን ዳቦውን ከደጃፉ ድንጋይ ጠርዝ ላይ ሰበሩት። ግማሹን ወደ አፋቸው አደረጉ፤ ግማሹን «መልሴ ይኸው» ብለው ሰጧቸው። ጋሽ ደጀኔ ከጎሳው በር ሥር ቆመው፣ ባላቸው ጥርስ ሁሉ አኘኩት። እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበር። ግን ወረደ።