የረምላ የካርቶን ፊደላት

ረምላ ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ በርበሬና ቅመማ ቅመም ትሸጥ ነበር። ባሏ ሀሰን የቦኖሻ መስመር ሾፌር ስለሆነ ማልዶ ወጥቶ ሲመሽ ነው የሚገባው፤ ልጆች ማስጠናቱ የእሷ ሥራ ነበር። እሷም ብትሆን ማንበብ የቻለችው በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው።

የበኩር ልጇ ሚስራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ ጉዱ ታወቀ። ልጅቷ የፊደል ገበታውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቃሏ ትወጣዋለች። ከመሃል አንድ ፊደል ነጥለው ሲጠይቋት ግን ከረድፉ መጀመሪያ ተነስታ በጣቷ እየቆጠረች ካልሆነ አትደርስበትም። ቃል ማንበብማ የማይታሰብ ነው። አስተማሪዋ ሽብሩ ረምላን አስጠርቶ፣ ልጅቷ ክፍሉን ብትደግም እንደሚሻል በትሕትና ነገራት። ረምላ አልተከራከረችም። ሚስራ ግን ቆማ ሰምታ ኖሮ፣ በማግስቱ ሆዴን አመመኝ ብላ ከትምህርት ቤት ቀረች።

ረምላ አልተቆጣቻትም። ሱቅ ይዛት ሄደችና የሳሙና ካርቶን በመቀስ ቆራረጠች፤ በየቁራጩ ላይም አንድ አንድ ፊደል ጻፈች። ቁርጥራጩን በትና «ቆ»ንና «ሎ»ን ጎን ለጎን አስቀመጠች፤ ቆሎ ሆነ። ከ«ሎ» ሥር «ሚ»ን ስታኖር ወደ ታች ሎሚ ሆነ። ከ«ሚ» ቀጥሎ ወደ ጎን የሁለት ፊደል ቦታ ክፍት ተወችና የሱቁን ሚዛን በጣቷ ነካ አደረገችው።

ሚስራ እንደ ልማዷ ለመቁጠር ፈለገች፤ ፊደሎቹ ግን ተበታትነዋል፣ የምትቆጥርበት ረድፍ የለም። መጀመሪያ «ሳ»ንና «ን»ን አስቀመጠች። «ሚሳን» ብላ ስታነበው ራሷ ሳቀች። ከዚያ እያገላበጠች ፈልጋ በ«ሳ» ቦታ «ዛ»ን አኖረች፤ ሚዛን ሆነ።

«እማዬ፣ ሌላ ሥሪልኝ» አለች።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ በካርቶን ተሞላ። ሀሰን መርገጫ አጣሁ ብሎ ያጉረመርም ነበር። ውሎ ሲያድር ግን ካርቶን ከመንገድ የሚያመጣው እሱ ሆነ፤ እራት ላይም የሚያልፍባቸውን ከተሞች ስም እያነሳ ሚስራን ይፈትናት ጀመር። ዓመቱ ሲያልቅ ልጅቷ በሽብሩ ፊት አዲስ ምንባብ ሳትቆጥር አነበበች፤ ሳትደግምም አለፈች።

ሽብሩ ልጅቷ እንዴት እንደተማረች ሲሰማ ረምላ ሱቅ ድረስ መጥቶ፣ ክፍል ገብታ ለሌሎቹም እንድታሳያቸው ለመናት። ረምላ አፈረች።

«መምህር፣ አማርኛዬ ይሰባበራል። ልጆቹ ይስቁብኛል» አለችው።

«የእኔም ይሰባበራል። ለምደውታል» አላት።

በሳምንቱ ሱቋን ለጎረቤት አደራ ብላ፣ ካርቶኖቿን በዘንቢል ይዛ ገባች። ልጆቹ መሬት ላይ ከበቧት። ቤተልሔም የምትባል አንዲት ዝምተኛ ልጅ ብዙ ካሰበች በኋላ «አ»ንና «ማ»ን ገጠመች። በአካባቢው ቋንቋ፣ በሀዲይሳ፣ እናት ማለት ነው። ክፍለ ጊዜው የአማርኛ ነበርና ሽብሩ ምን እንደሚል ጨነቀው። ረምላ ግን ጎንበስ ብላ ከ«ማ» ሥር «ር»ን አኖረች።

«ወደ ታች አንብቢው» አለቻት።

«ማር» አለች ልጅቷ፣ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በክፍሉ ውስጥ ከፍ ብሎ ተሰማ።

ረምላ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ሥራውን አልተወችም። የአዲሎና የቦኖሻ አስተማሪዎች ሲያልፉ ሱቋ ጎራ ይሉና፣ እሷም በርበሬውን እየመዘነች፣ ካርቶኑ እንዴት እንደሚቆረጥ ታሳያቸው ነበር።