የእንሰት ፋቂው ቃል

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት የፊልሜ መጨረሻ አልሆን ስላለኝ ነው። የጻፍኩት አስፈሪ ፊልም ነው። ጉቦ በልቶ የእስረኛ ቃል የለወጠ ፖሊስ አለ፤ እስረኛው ይሞትና መንፈሱ በየቀኑ ጣቢያው እየመጣ "ቃሌን ተቀበለኝ" ይለዋል። በመጨረሻ ያንቀዋል። ዳይሬክተራችን አንብቦ "ይኼ ድመትም አያስፈራ" አለኝ። እኔ ግን ስጽፈው መብራት ሳላጠፋ ነበር የማድረው። ሶዶ ጡረታ የወጡ ሳጅን ታንጋ የሚባሉ ሰው እንዳሉ ዘመዴ ነገረኝና፣ የጣቢያ ሥራ ምን እንደሚመስል ልጠይቃቸው ሻንጣዬን አነሣሁ።

ሐሙስ፣ መንገድ ላይ

በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ሄድን። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ እስከ አረካ ትከሻዬን ትራስ አደረጉት። አረካ ላይ በመስኮት አቮካዶ ገዛሁ፤ አዲስ አበባ በምከፍለው በግማሽ ዋጋ ነው፣ ያውም ሻጯ አንድ መረቀችልኝ። ሶዶ ስንገባ ዳሞታ ተራራ ጫፉን ጉም ሸፍኖት ነበር።

ዓርብ፣ ሶዶ

ሳጅን በረንዳቸው ላይ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ አቀረቡልኝ። እኔ በዳጣው ቃሪያ ዕንባዬን ስጠርግ እሳቸው ጽሑፌን ቀስ ብለው አነበቡና የመጨረሻው ገጽ ላይ ቆሙ።

"ልጄ፣ የሞተ ሰው አያንቅም" አሉ።

"ታዲያ ምን ያደርጋል?"

"እኛ አገር ጎሜ ይባላል። ግፍ የሠራ ሰው ጎሜ ይይዘዋል። ሽማግሌ ፊት ወጥቶ ካልተናገረ፣ ከእሱ አልፎ ልጁን ይይዛል፣ የልጅ ልጁን ይይዛል።" መነጽራቸውን አወለቁ። "ይኼ ፖሊስ እኔ ነኝ።"

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ቤሌ አካባቢ የአንድ ሀብታም በሬ ከገበያ ይሰረቃል። ሀብታሙ ጎረቤቱን ጳውሎስ የሚባል ገበሬ ይጠረጥርና ለሳጅን ጊደር ይሰጣል። ሳጅን የጳውሎስን ቃል ለውጠው ይጽፋሉ። ጳውሎስ ታሰረ፤ በሁለት ወሩ እዚያው እስር ቤት ታሞ ሞተ።

"አሁን ልጄ ልትወልድ ነው። ሕፃኑ ምን አደረገ?" አሉ። "የጳውሎስ ሚስት ጋ ልሄድ ሁለት ጊዜ ተሳፍሬ፣ ከመኪና ሳልወርድ ተመለስኩ። አብረሽኝ ሂጂ።"

ተናደድኩባቸው። ሳህኑን ገፋ አደረግሁት። ግን ሁለት ጊዜ ከመንገድ መመለሳቸውን ሳስብ እምቢ ማለት አቃተኝ።

ቅዳሜ፣ ቤሌ

ወደ ምዕራብ በሚሄደው መንገድ ሚኒባሱ በወረደ ቁጥር ሙቀቱ ጨመረ። ቤሌ ስንደርስ ሳጅን ከወንበራቸው አልተነሡም።

"አባባ፣ ደርሷል!" ይላል ረዳቱ።

"ይውረዱ እንጂ ሳጅን" አልኳቸው፣ "መንፈስ የምፈራዋ እኔ እንኳ መጥቻለሁ።" እጃቸውን ይዤ አወረድኳቸው።

የጳውሎስ ባለቤት ወይዘሮ አበበች ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ዛፍ ሥር ጠበቁን። ሳጅን እንደሚመጡ አስቀድመው በስልክ ነግረዋቸው ነበር። ቆመው በወላይትኛ ተናገሩ፤ አንዱ ሽማግሌ በጆሮዬ ይተረጉሙልኛል። ጊደሩን፣ ወረቀቱን፣ አንዱንም አልሸሸጉም። ፍርድ ቤት ብትጠሩኝም እቆማለሁ አሉ።

ወይዘሮ አበበች የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። "ባሌ የት ነበርኩ አለህ?"

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እዚህ ግን የወጋውም አልረሳም። ሳጅን ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ጸሎት በቃላቸው ወጡት፦ "'ሚስቴ አራስ ናት፣ ታማለች። የሚረዳን ሰው የለም። በሬው ጠፋ በተባለበት ቀን ጓሮዬ እንሰት ስፍቅ ነበር የዋልኩት' አለ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እንሰት መፋቅ የሴት ሥራ ነው፤ ሲፍቅ የተገኘ ወንድ የገበያ መሳቂያ ይሆናል።

"ጣቢያው ሙሉ ሳቀበት" አሉ ሳጅን። "እኔም ሳቅሁ። እየሳቅንበት ቃሉን ደገመው። 'ገበያ ነበርኩ' ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

ወይዘሮ አበበች ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። "እኔ ከአልጋ መነሣት ባልችል ወንድሙን ምስክር ላክሁ። 'ራሱ ገበያ ነበርኩ ብሏል' ብለው መለሱት። እኔ ደግሞ እንሰት ፋቅሁ ማለት አፍሮ፣ ከነአራስ ልጄ ጥሎኝ ሞተ ብዬ ተቀየምኩት። በቅጡ አላለቀስኩለትም።" ከዚያ ነጠላውን ገለጡ። "ለካ ተናግሯል!"

ያኔ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

አንዱ ሽማግሌ ስለ ዕርቅ ሊጀምሩ ሲሉ ወይዘሮዋ በእጃቸው ከለከሉ። "ይቅርታውን በኋላ እንነጋገራለን። መጀመሪያ ቃሉን እንዳለው ጻፈው። ልጄ ማንበብ ትችላለች።"

ከማስታወሻዬ አንድ ቅጠል ገነጠልኩ። ሳጅን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጻፉ፤ ሙሉ ስማቸውን ከነማዕረጋቸው አስፍረው ፈረሙ።

አዲስ አበባ

የሞተ ሰው በቀል የሚፈልግ ይመስለኝ ነበር። ጳውሎስ የሚፈልገው ግን ሚስቱ እንድታውቅለት ነበር። መጨረሻውን ለወጥኩት፤ መንፈሱ አያንቅም፣ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ ፖሊሱ ብዕር ያነሣል። ዳይሬክተሩ አንብቦ ሲጨርስ ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና ጀመረ።

በሳምንቱ ሳጅን ደወሉ። ልጃቸው በሰላም ተገላግላለች። ዕርቁ ገና ነው፣ ሽማግሌዎቹ ለሌላ ቀን ቀጥረዋቸዋል። የጳውሎስ ልጅ ግን ወረቀቱን ጎረቤት ሰብስባ፣ ቆማ አንብባዋለች።

"እንሰቱ ጋ ስትደርስስ?" አልኳቸው። "ሳቁ?"

"አንድም ሰው አልሳቀ" አሉኝ።