ሐምራዊ አበባ ያለው ጭራቅ

ትናንት በሐይቁ ዳር ስሄድ የበሰበሰ እምቦጭ ሸተተኝና በልጅነቴ ዓባይ ማዶ የነበረው ጌም ቤት ትዝ አለኝ። ይህን አረም እጠላዋለሁ። አበባው ማማሩ ደግሞ ይብስ ያናድደኛል።

ጌም ቤቱ ጨለማ ነበር፤ ቆርቆሮው ሲግል የላብና የፕላስቲክ ሽታ ያፍናል። ከምንጫወታቸው ጌሞች የአንዱ መጨረሻ ላይ ጭራቅ ይወጣል፦ አናቱ ላይ ሐምራዊ አበባ ያለው፣ በሥሩ እግር እየጠለፈ የሚጥል ተክል። ሲቆርጡት ከቁራጩ ሌላ ይበቅላል። እውነተኛ ስሙን ማን አንብቦ! እኛ እምቦጭ አልነው።

ስሙን ያወጣችለት የአንድ ዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት። በጎርጎራ በኩል አረሙ ውሃውን ሲዘጋባቸው ጀልባቸውን ጥለው መጥተው ከእኛ ቤት ጀርባ ተከራዩ፤ አባቷም ዘበኛ ሆኑ።

"ይኼን ከገደልሁት አገራችን እንገባለን" ትል ነበር። ከልቧ ነበር የምታምነው።

የጌም ቤቱ ሕግ የሞተ ለተረኛ ይነሳል ነው። እሷ ግን ጭራቁ ሲገድላት ጆይስቲኩን አትለቅም። ስንጓተት እጄን ነክሳኛለች፤ እኔም ፀጉሯን ነጭቻለሁ።

"ያንቺ አባት ደመወዙን ይበላል፤ አንቺ ምን ቸገረሽ!" ብላ ጮኸችብኝ። በጣም ጠላኋት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ገደለችው። አበባው ጠወለገ፣ ግንዱ ተገነደሰ። ጆይስቲኩን ጭኔ ላይ ጥላ ወደ ቤቷ ሮጠች፤ እኔም ተከተልኋት። አባቷ የዘበኛ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው መረባቸውን ይጠግኑ ነበር። ውሃ ካየ የቆየ መረብ ነው፤ እሳቸው ግን መጠገናቸውን አልተዉም።

"አባባ፣ እምቦጩን ገደልሁት!"

አልሳቁባትም። እጃቸውን ከመረቡ አንሥተው በቁም ነገር ጠየቋት።

"ከነሥሩ ነው ልጄ?"



በማግስቱ ጌሙ ሲከፈት ጭራቁ እንደገና ቆሞ ጠበቃት። በዚያ ቤት የተጫወትነው አይቀመጥም፤ ማሽኑ ከጠፋ ሁሉም ካዲስ ይጀምራል። ብዙም ሳትታገል ገደላት። ልጓተት እጄን ስዘረጋ ጆይስቲኩን በራሷ እጅ ሰጠችኝ። ያን ጊዜ ብትነክሰኝ ይሻለኝ ነበር።

አባቷ አገራቸውን ሳያዩ እዚሁ ባሕር ዳር ተቀበሩ። እሷም ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሄደች አላውቅም።

ትናንት ጫማዬን አውልቄ ውሃው ውስጥ ገባሁና አንዱን እምቦጭ ከነሥሩ ነቅዬ ደረቁ መሬት ላይ ወረወርሁት። የማሳያቸው አባቷ ግን የሉም።