ጠያቂ ያለው ዝሆን

በስደት ከተማዬ፣ ሜንጎ ሰፈር በምኖርበት ግቢ ጎረቤቴ በርበሬ ታምሳለች። ጭሱ በመስኮት ገብቶ ጉሮሮዬን ሲቧጥጠው ያ የልጅነቴ ማለዳ መጣብኝ።

ያኔ የምንኖረው ከፓርኩ ጥግ ባለ የስደተኞች ሰፈር ነበር። አንድ ማለዳ ስንወጣ ዝሆን በቆሏችን መሃል ቆሟል። ለእሸት የደረሰውን እየነቀለ፣ ተረጋግቶ፣ እንደ ባለቤት ይበላል። የአገሩ ሰው ዝሆን የሚያባርረው ሚጥሚጣ ከእበት ጋር እያጨሰ ነው። የኛ ሚጥሚጣ አልቆ ነበር። እናቴ ከአገር ቤት የተላከላትን በርበሬ፣ ያንን በቁንጥር የምትቆጥበውን፣ እፍኝ እፍኝ እየዘገነች በሚጨሰው እበት ላይ በተነችው። እያሳለች፣ እያለቀሰች፣ እየተሳደበች ቆየች። ዝሆኑ ዞሮ ሲሄድ ግማሹ ማሳ አልነበረም።

ረፋዱ ላይ የፓርኩ ጠባቂ በሞተር መጣ። የወደመውን ማሳ በዓይኑ አየ። ከዚያ በስዋሂሊ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ ለእናቴ ተረጎምኩላት።

“ዝሆኑን ጎድታችሁታል ወይ ይላል።”

እናቴ በቀላ ዓይኗ አፈጠጠችበት። “እሱስ ጠያቂ አለው” አለች።

በዝሆን ለምን እንደቀናች ያኔ አልገባኝም።

በሩ ተበረገደ። ልጄ አፍንጫዋን ይዛ ገባች፤ ከትምህርት ቤት የሰጧት ቲሸርት ላይ ዝሆን ታትሟል።

“እማዬ፣ ፓርክ ሊወስዱን ነው! አንቺ ዝሆን አይተሽ ታውቂያለሽ?”

“አይቻለሁ” አልኳት። “ቀለባችንን ሲበላ።”