በሁዳዴ ያልተመታ ድራም

ልጄ በዐቢይ ጾም እኩሌታ ከአዲስ አበባ መጣ። መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ መከፈቱ ነበር። ሁልጊዜ ሲመጣ ጊታሩን አዝሎ ነው የሚገባው፤ የዚያን ቀን ጀርባው ባዶ ነበር። ምን ሆነህ ነው ብዬ አልጠየቅሁትም። እግሩን ታጠበ፣ የጾሙ ሰዓት ሲደርስ እህል ቀመሰ፣ ከዚያ ራሱ ነገረኝ።

ከጓደኞቹ ጋር ድሮ የቀረጿቸውን ዘፈኖች አንድ ወጣት አሳታሚ ሰምቶ በኢንተርኔት ሊያወጣቸው ፈልጓል። ልጄ ግን ቃል አልሰጠውም። ድራም የሚመታው ጓደኛችን ካልፈቀደ አንድም ዘፈን አይወጣም ብሎታል። ከዚያ ጓደኛው ጋር ከተነጋገሩ ደግሞ ዓመታት አልፈዋል።

እኔ ለዘፈኖቹ መውጣት ያን ያህል አልጓጓሁም። የኔ ሐሳብ ሌላ ነበር። ልጄ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይቆርብ ነበር። ከጓደኛው ከተለያየ በኋላ አልቆረበም። የነፍስ አባታችን እንዲጾምና እንዲያስቀድስ ነግረውት፣ ወደ ሥጋ ወደሙ ግን ከወንድሙ ሳይታረቅ እንዳይቀርብ አዘዋል። ለመታረቅ ደግሞ ድፍረት አጣ። እንዲህ ሲል ብዙ ፋሲካ አለፈው። እኔ ሳልሞት ሲቆርብ እንዳየው ነበር የምለምነው።

ነገሩ የተጀመረው እዚህ ደብረ ታቦር፣ በእኔ ግቢ ነው። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ እህል ይቀመጥባት የነበረችው ክፍል ባዶዋን ነበረች። ልጄ እንለማመድባት ብሎ ሲጠይቀኝ እሺ አልሁ። ሦስት ነበሩ። ልጄ ጊታሩን ከስልክ እያየ ነው የተማረው። ድራም መቺው ከገሳይ በላይ፣ ከጉና ሥር የመጣ የገበሬ ልጅ ነው፤ ደብረ ታቦር ሲማር ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ይመታ ነበር። ሦስተኛው ከደቡብ የመጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው እሱ ነው፤ የተማረው በአገሩ፣ በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ነው።

ሮክ ይሉታል። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን የክፍሏ ቆርቆሮ የተገነጠለ መስሎኝ ወጥቼ አይቻለሁ። እየቆየሁ ቃሉን መስማት ጀመርሁ። ስለ ሞት ነው፣ ስለ ኃጢአት ነው፣ ጠርተውት ስለማይመልስ አባት ነው። የእግዚአብሔር ስም እምብዛም አይጠራበትም። እየተፈለገ እንደሆነ ግን ያስታውቃል።

ከተማው ብዙ አወራ። ጊታርና የሃይማኖት ቃል አንድ ላይ ከተሰማ ሰው የሚለው የታወቀ ነው። የማኅበር እኅቶቼ ልጅሽ ሃይማኖቱን ለወጠ አሉኝ። የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄድሁ። እሳቸውም ልጁን አስጠርተው ግጥሙን ያለ ጊታር በቃሉ እንዲላቸው አደረጉ። ሲጨርስ፣ «ለቅዳሴ አይሆንም። ለሐሜትም አይሁን» አሉ። ከዚያ በኋላ ለማኅበሩ የመለስሁት ይህንኑ ነው፤ አንዳንዶቹ ተቀበሉኝ።

የሚቀበላቸው ቦታ ግን አልነበረም። አንድ የመጠጥ ቤት ባለቤት አንድ ምሽት አጫውቷቸው፣ «ሰው እዚህ የሚመጣው ሐዘኑን ሊረሳ ነው፤ እናንተ ታስታውሱታላችሁ» ብሎ አሰናብቷቸዋል። ሠርግ ላይ ተጠርተው ገና እንደጀመሩ ሙሽራው ራሱ ተነስቶ አስቁሟቸዋል። የመምህሩ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ደግሞ ጩኸቱ በዛ፣ ቃሉም የእኛ አይደለም አሏቸው። ወደ እኛ ቤተ ክርስቲያን ለመጠየቅም አላሰቡ፤ ጊታር ቅጽሩን እንደማያልፍ ያውቃሉ። ስለዚህ ባላለቀ ፎቅ ውስጥ፣ በትምህርት ቤት አዳራሽ፣ በእኔ ግቢ ተጫወቱ። ማስታወቂያ አይለጥፉም። ወጣቱ እርስ በርሱ ተነጋግሮ ይመጣል፤ ዘፈኑ ከስልክ ወደ ስልክ ይሄዳል።

አንድ ሥርዓት ግን ነበራቸው፤ ያመጣው ድራም መቺው ነው። በዐቢይ ጾም የቤተ ክርስቲያን ከበሮ አይመታም። እሱም በቅበላ ዕለት ድራሙን ፈቶ በአሮጌ አንሶላ ይጠቀልልና ቆጡ ላይ ይሰቅለዋል። ማንም አላዘዘውም። የነፍስ አባታችን እንኳ የማትጠየቅበት ነገር ነው ብለውታል። የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ተሰቅሎ የእኔ ሲመታ ጆሮዬ አይችለውም አለ። መምህሩ ይስቅበት ነበር፤ በእኛ ዘንድ ድራም ጾም የለውም፣ ሥጋም አይበላም ይለዋል። እሱም፣ «አንተ ስለማትጾም ነው የከሳኸው» ብሎ ይመልስለታል።

ድራሙ ሲሰቀል የባለቤቴን ዱላ ለመነኝ፤ እሱ መሬቱን በዱላ እየመታላቸው ይዘፍኑ ጀመር። መቋሚያም ነበረን፤ እሱን ውሰድ ስለው እንቢ አለኝ። መቋሚያ የማኅሌት ነው፣ የእኛን ነገር አናስለምደውም አለኝ። በሁዳዴ ዘፈናቸው ይረጋ ነበር። ደጅ ተቀምጬ ምስር እየለቀምሁ የሰማሁት ያንን ነው። ቀስ ብሎ ይነሳል፣ እንደ ወረብ እየፈጠነ ይሄዳል፣ ግን ከዱላው በቀር የሚመታ የለም። ልጄ አንዱን በስልኩ ቀርጾ አስቀርቶታል።

ከአዲስ አበባ ጥሪ የመጣው ያንን በቀረጸበት ጾም ነው። ትልቅ አዳራሽ፣ ትልቅ ማጉያ፣ ብዙ ሰው። ድራም መቺው እመጣለሁ፣ ዱላዬን ይዤ ግን ነው አለ። አዘጋጆቹ ሳቁ። ልጄና መምህሩ ለመኑት፤ እንቢ አለ። እነሱም እዚያው አዲስ አበባ ሌላ ልጅ አግኝተው ድራሙን አስመቱት። ጓደኛቸው አብሯቸው ሄዶ፣ ጃኬታቸውን ታቅፎ ከሕዝቡ መካከል ተቀምጦ አያቸው። እንደዚያ ቀን የተጨበጨበላቸው ጊዜ የለም። በማግሥቱ ጠዋት ብቻውን አውቶቡስ ተሳፍሮ ተመለሰ። ድራሙን ከቤቴ ሊወስድ ሲመጣ ጉልበቴን ስሞ፣ ደህና ይሁኑ ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እግሩ ግቢዬን አልረገጠም። ልጄ አዲስ አበባ ገብቶ የሰው ዘፈን መጫወት ያዘ፤ መምህሩም ማስተማሩን ቀጠለ።

ዘንድሮ ልጄ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ሲመጣ፣ አብሬህ እሄዳለሁ አልሁት። እናት ደጁ ቆማ ሂጂ የሚል የጉና ሰው የለም። መምህሩም ወደ አገሩ ተዛውሮ ሊሄድ ጓዙን እየሸከፈ ነበር፤ ሲሰማ ትቶት መጣ። በሚኒባስ ገሳይ ወረድን፣ ከዚያ በእግር ወጣን። ነፋሱ ብርቱ ነበር። መምህሩ ዳገቱን ሲያይ፣ «እማማ፣ ይቅርታ ሜዳ ላይ አይሆንም እንዴ?» አለኝ።

ቤቱ አጠገብ ስንደርስ ከማሳው ተለቅሞ የተከመረ ድንጋይ አየን። ልጄ ከክምሩ አንዱን አነሳ፣ ማጅራቱ ላይ አደረገ፣ አንገቱን ደፍቶ በሩ ላይ ቆመ። የበደለ ሰው እንዲህ ነው ይቅርታ የሚለምነው። ጓደኛው ዶማውን እንደያዘ ከማሳው መጣ። ጸጉሩ ሸብቷል። እኔን ሳመኝ፣ መምህሩን ሳመው። ልጄን ቆሞ አየው።

«ይህን ድንጋይ ትናንት ነው ያወጣሁት» አለ። «መልሰህ ልትከተው ነው?»

መምህሩ ሳቀ። ልጄ ድንጋዩን እንደተሸከመ አንገቱን አላቀናም። ጓደኛው በሁለት እጁ አወረደለትና ግቡ አለን። ነገር ግን ይቅር ብያለሁ አላለም። በአገራችን ድንጋዩን ያወረደ ሰው ይቅር እንዳለ ይቆጠራል፤ የነፍስ አባታችን ግን በአፍ የተነገረ ይፈልጋሉ። እኔም ያንን እጠብቅ ነበር።

ሚስቱ ድንች ቀቅላ ነበር። ሰዓቱ ስላልደረሰ ድንቹ እንደተከደነ ተቀመጥን። መምህሩ የማይጾም ሰው ቢሆንም ቀድሞ አልቀመሰም። እናንተ ስትጾሙ የሚርበው እኔ ነኝ እያለ ክዳኑን ያይ ነበር። እስከዚያ ያለፈውን አወሩ።

ልጄ በየሆቴሉ መጫወቱን ነገረው። ደመወዝ አለው፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልራበውም፤ ጣቱ ይሠራል፣ እሱ ግን የለበትም። ምን ስትሠራ ኖርህ የሚለኝ ሰው ቢኖር የማሳየው ያቺን የእህል ክፍል ብቻ ነው አለ። ጊታሩን ቤት ትቶ የመጣውም ለዚህ መሆኑን ያን ጊዜ ሰማሁ፤ ካልታረቅን መልሼ አላነሳውም ብሎ ነበር። መምህሩ ስለ አንዲት ተማሪው ነገረን። አባቷ የሞተ ጊዜ ለቅሶ ቤት የመጣው ሁሉ በቃሽ አታልቅሺ ሲላት፣ የሁዳዴው ዘፈን ግን እንደዚያ ስላላላት እሱን ብቻ ስትሰማ ከርማለች። ድራም መቺውም፣ ድንች ሊጭን ከነፋስ መውጫ የመጣ ሾፌር የማን መሆኑን ሳያውቅ ስልኩ ላይ ያንኑ ዘፈን ሲያሰማ መስማቱን ተናገረ። እኔ ነኝ አላልኸውም ወይ አለው ልጄ። «ብለውስ ድንቹን ሊያስወድድ ነው ይለኛል» አለ።

ሳቁ። ከዚያ ልጄ ተነስቶ እግሩ ሥር ሊወድቅ ሲል ጓደኛው እጁን ያዘው።

«ተቀመጥ። እኔ የቀረሁት በእናንተ ተቆጥቼ መስሏችሁ ነው?»

ልጄ ተቀመጠ።

«የዚያን ቀን ከሕዝቡ መካከል ተቀምጬ እግሬ እንቢ አለኝ። ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ወለሉን ስመታ ነበርሁ። ድራሙን ብሰቅልም እግሬን አልሰቀልሁትም። ደስ ብሎኝ ነበር። በማግሥቱ ሥርዓታችንን አፍርሳችኋል ብዬ ለመቆጣት አፍ አጣሁ። ደስ ብሎኛል ለማለትም አፈርሁ። ሰው ሁሉ ልጁ ለጾሙ ብሎ ተለየ ሲል ዝም አልሁ። ነቀፋውን እናንተ ተሸከማችሁልኝ።»

ቀድሞ የተናገረው መምህሩ ነው። ድራም ጾም የለውም ስል በአንተ ላይ መሳቄ ነበር፤ አንተ ግን ጾም ነበረህ፤ ያንን ልጠብቅልህ ይገባኝ ነበር አለው። አፉን በቋንቋችን ባይፈታም እንደ ሽማግሌ ነው የተናገረው።

ያን ጊዜ ነው ልጄና ጓደኛው ተያይዘው የተነሱት። አንዱ ይቅር በለኝ አለ፣ ሌላው አንተ ይቅር በለኝ አለ፣ ሁለቱም ይቅር ለእግዚአብሔር አሉ። በአፋቸው ሲሉት ሰማሁ። ሚስቱ ክዳኑን አነሳች። ድንቹ ቀዝቅዞ ነበር፤ በላነው።

ስለ ዘፈኖቹ ሲጠይቁት ሁሉንም አውጡ አለ። የአዳራሹንም ጭምር፤ ያ ልጅ ጥሩ መትቷል፣ እኔ ቁጭ ብዬ ሰምቼዋለሁ አለ። ልጄ ግን የሁዳዴው ይቅደም ብሎ ለአሳታሚው ነገረው። አሳታሚው ድራም የሌለበት ሮክ ማን ይሰማል ብሎ ተወው። እስካሁን አንዱም አልወጣም። ልጄ ይከፋዋል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሺ ይሁን ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ሁለቱም ንስሐ ገቡ። የነፍስ አባታችን ሰምተው የታዘዘውን ሰጧቸው፤ ፈጸሙ። በጸሎተ ሐሙስ ጓደኛው ከሚስቱ ጋር ከገሳይ ወርዶ መጣ፤ በቁርባን የተጋቡ ናቸውና የሚቆርቡት አብረው ነበር። እኔ በሴቶች በኩል ቆሜ ነበር። ሲቆርቡ ያየሁት ጀርባቸውን ነው። ልጄ ከፊት፣ ጓደኛው ከኋላው። መምህሩ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማቸውን ይጠብቅ ነበር። ሳልፍ፣ እርስዎ ይግቡ እማማ፣ የእርስዎንም አያለሁ አለኝ። በሳምንቱ ወደ አገሩ ሄደ።

ከቆረቡ በኋላ ወሬ የለም። አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ወጡ፣ ጠበሉን ጠጡ። ባጃጅ እንያዝ አላሉም። እኔ በመካከላቸው ሆኜ በእግራችን ወደ ቤት ሄድን። ልጄ ክንዴን ይዞኝ ነበር። ሰላም የሚለን ሰው ሁሉ መልስ ሳያገኝ አለፈ፤ ምክንያቱን ስለሚያውቅ ማንም ቅር አልተሰኘም። እኔም ለእግዚአብሔር የምለውን በልቤ እያልሁ ሄድሁ።